ከጥቁሩ ቀለም ሥር

ግራ እግሬ ከልጅነቴ ጀምሮ አይታዘዘኝም። አስተማሪ ነኝ። ቤቴ ነቀምቴ ነው፤ ትምህርት ቤቴ ግን ጉቶ ጊዳ ገጠር ውስጥ። ድሮ ባጃጁ ዋናው መንገድ ላይ ያወርደኝና የቀረውን በክራንች እያዘገምኩ ስደርስ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያልቅ ነበር።

ከዚህ ያወጣኝ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ያለ መካኒክ ነው። ያገለገለ ሞተር ሳይክል ገዝቼ ወሰድኩለት። የኋላ ጎማውን አውጥቶ በቦታው ሁለት ጎማ ገጠመለት፤ በእግር የሚገባውን ማርሽም በእጅ እንዲገባ አደረገልኝ። አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የምንዘምረው፤ «ኦቦሌቲ ኮ»፣ እህቴ፣ ነበር የሚለኝ። መጀመሪያ የነዳሁ ቀን እያጨበጨበ ከኋላዬ ሮጧል።

«ይቺ እንደ ሰው ናት፤ ካልታየች ትታመማለች» ብሎኝ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ጠዋት እወስድለት ነበር። ጎማዎቹን ይነፋል፣ ካቴናውን ዘይት ይቀባል፣ ፍሬኑን ያጠብቃል። በመጨረሻ ካርቶን አንጥፎ ከሥሯ ይገባና የኋላ ጎማዎቹ የተበየዱበትን ብረት ጥቁር ቀለም ይቀባል።

«ቀለሙ ደግሞ ለምንድን ነው?» አልኩት አንድ ጊዜ።

«ዝገት እንዳይበላት ነዋ!»

እኔም ለመምህራኑ ሁሉ አወራሁ። ሳልጠይቀው ቀለም እንኳ ይቀባልኛል፣ እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል እያልኩ።

ክረምቱ ሲገባ ቁልቁለት ላይ ከግራ በኩል ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ መስማት ጀመርኩ። ነገርኩት። ከሥር ገብቶ ትንሽ ቆየና ወጣ፤ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ዓይኔን ሳያይ፣ «ሆማ ሚቲ፣ ምንም አይደለም። በዚህ ጠጠር መንገድ የማይጮህ ምን አለ?» አለኝ። አመንኩት።

ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት፣ ወደ ትምህርት ቤቱ በሚያወርደው ቁልቁለት ላይ፣ ከበታቼ አንድ ነገር ቀጭ አለ። የራሴ ጎማ ቀድሞኝ እየተንከባለለ በቆሎ ማሳ ውስጥ ሲገባ አየሁት። ከዚያ መንገዱ ወደ ፊቴ መጣ። ገበሬዎች ሮጠው አነሱኝ። የትከሻዬ አጥንት ተሰብሮ ነበር።

መካኒኩ በዚያ ሳምንት ለዘመድ ለቅሶ ኑኑ ቁምባ ሄዶ ስለነበር፣ ጎረቤቶቼ የተሰበረችውን ሞተር ገበያው አጠገብ ላለ አንድ ሽማግሌ በያጅ ሰጡልኝ። እጄን በጨርቅ አንጠልጥዬ ልጠይቅ ሄድኩ። ሽማግሌው የተሰበረውን ብረት አንስተው በቢላ ጫፍ ፋቁት። ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በድርብ በድርቡ ተነሳ። ከሥሩ የወጣው ስንጥቅ ውስጡ ቀይ ነበር።

«ልጄ፣ ይሄ የሰሞኑ ስብራት አይደለም» አሉኝ። «ትናንት የተሰበረ ብረት ውስጡ ያበራል። ይሄ እኮ ዝጓል፤ ወራት ቆይቷል። ቀለም የቀባው ሰው አይቶታል።»

ትከሻዬ መጠዝጠዙን እንኳ ረሳሁት።

መካኒኩ ከለቅሶ እንደተመለሰ ጋራዡ ሄድኩ። ሲያየኝ መፍቻውን ጥሎ ተነሳ። «ኦቦሌቲ ኮ፣ እግዚአብሔር አተረፈሽ!»

«ስንጥቁን ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?»

አንገቱን ደፋ። «ከፋሲካ በኋላ» አለ።

ከፋሲካ እስከ መስከረም ያሉትን ቅዳሜዎች ሁሉ አሰብኩ። እያንዳንዱን አመስግኜ ነበር የወጣሁት።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«መጀመሪያ የሠራኋት እሷን ነው። ሰው አንቺን እያየ ነው ወደ እኔ የሚመጣው። ተሰነጠቀ ቢባል ማን ያምነኛል? ደግሞ... ይህን ያህል የሚብስ አልመሰለኝም ነበር።»

«አንተ ከሥሯ ተኝተህ ስታየው እኔ ላይዋ ነበርኩ» አልኩት። ወጣሁ።

ከቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ይዞ ቤቴ መጣ። እንደ አዲስ ሠርቶ ሊሰጠኝ ነበር የፈለገው። «ይቅር ብዬሃለሁ፤ ሞተሯን ግን አትነካትም» አልኩ። አንደኛው ሽማግሌ፣ ይቅር ካልሽ ይሄ ምን ማለት ነው ብለው ተቆጡኝ። መልሱን አላውቀውም ነበር፤ ዛሬም በደንብ አላውቀውም። የማውቀው፣ ስሚው ስሚው ሲሉኝ ልቤ ብረቱ ላይ እንደነበረ ነው።

ብየዳውን ሽማግሌው በያጅ እንደገና ሠሩት። የት የት መታየት እንዳለበትም ጣቴን ይዘው እያስነኩ አሳዩኝ፤ ብረቱን በመፍቻ ስመታው ጤነኛው እንዴት እንደሚጮህ፣ የታመመው እንዴት እንደሚታፈን ጭምር። የብየዳውን ቦታ እንዳይቀቡት ለመንኳቸው። «ይዝጋል እኮ» አሉኝ። «ሲዝግ ልየው» አልኳቸው።

አሁን መዘምራን መካከል ከእሱ ሁለት ሰው አልፌ እቆማለሁ። «አካም»፣ እንዴት ነሽ፣ ይለኛል፤ «ነጋ»፣ ደህና፣ እለዋለሁ። ኦቦሌቲ ኮ ማለቱን ትቷል። አንዳንዴ የሱ ድምፅ ከኔ በላይ ሲወጣ ግጥሙ ይጠፋኛል።