የማይስቀው አዛዥ የሳቀበት ፊልም

እኛ ግቢ ውስጥ ሳቅ በሦስት ዙር ነበር የሚመጣው። መጀመሪያ ሐጃ ይስቃሉ። እሳቸው በዐረብኛ ሲነግሯት እናቴ ትከተላለች። በመጨረሻ እናቴ ወደ አማርኛ ስትመልሰው እኔና ከኋላ ክፍሎች የተሰበሰቡት ተከራዮች እንስቃለን። እኛ ስቀን እስክንጨርስ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያሉት ሰዎች ሌላ ወሬ ጀምረዋል። ስለዚህ ሐጃ በሪሞት ያቆሙትና «ኻላስ? ሁላችሁም ደረሳችሁ?» ይላሉ። ደርሰናል ስንላቸው መልሰው ይለቁታል። ግማሽ ሰዓት የማይሞላውን አንድ ክፍል ለመጨረስ ከዐስር ሶላት እስከ መግሪብ የምንቀመጥበት ቀን ነበር።

ግቢው ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ ውስጥ ነው። ሐጃ የቤቱ ባለቤት ናቸው። ወጣት ሳሉ ባለቤታቸው የመስኖ ትምህርት ሊማሩ እንግሊዝ አገር ሲላኩ አብረው ሄደው ጥቂት ዓመታት ኖረዋል። «ከዚያ ብርድ ያተረፍኩት የጉልበት ቁርጥማትና ይህን ኮሜዲ ነው» ይሉ ነበር። ሰውየው ሲሞቱ በካሴት የተቀዳው ተከታታይ ፊልም ከነሳጥኑ እሳቸው ዘንድ ቀረ። በኋላ ልጃቸው ወደ ፍላሽ ገለበጠላቸው።

ኮሜዲው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስለሆነ ነገር ነው። አንዲት ትንሽ የእንግሊዝ ከተማ ውስጥ ለዘመቻ ያልደረሱ ወይም ዕድሜያቸው ያለፈ ሰዎች ድልድይ እንዲጠብቁ ይመደባሉ። አዛዣቸው ከጦርነቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበር። ከሥሩ ብስክሌቱን እየገፋ ሁልጊዜ አርፍዶ የሚመጣ ረጅም ቀጭን ሰውዬ አለ። ሻይ የምታመጣላቸው ወይዘሮ ደግሞ አዛዡን በሰው ፊት እንደ ልጅ ትቆጣዋለች። ጠላት የተባለው በዚያ ሁሉ ክፍል አንድም ቀን ብቅ ብሎ አያውቅም። ወደ ድልድዩ የሚመጣው የጠፋች ላም ናት፣ ሰርገኛ ነው፣ ዝናብ ነው። አዛዡ ግን ለላሚቱም ቢሆን ምሽግ ያስቆፍራል።

እሱ አይስቅም ነበር። ሌላው ሁሉ ይስቃል፤ እሱ ኮቱን አስተካክሎ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ እንደ ተቆጣ ዳኛ ይመለከታቸዋል። እናቴ የምትወደው እሱን ነው።

እናትና አባቴ በፖለቲካ ምክንያት ከአገር ሲወጡ እኔ ገና ጡት አልጣልኩም። እናቴ አገሯ አስተማሪ ነበረች። ካርቱም ስትደርስ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም መስፋት ያዘች። አባቴ በከባድ መኪና ሹፌርነት ፖርት ሱዳን ስለሚመላለስ ከሐጃ ጋር የምንውለው እኔና እሷ ነን። ሰፈሩም ትምህርት ቤቱም ዐረብኛ በሆነበት እኔ ግማሹን አማርኛዬን ከዚያ ኮሜዲ ነው የተማርኩት ብል አላጋነንኩም። «ዘብ»፣ «ምሽግ»፣ «ወንበሩን ሳብ አድርጊ»፣ «አፈር ስሆን ቅመሱ» የሚሉትን ሁሉ በመጀመሪያ የሰማሁት እናቴ ስትተረጉም ነው። እንግሊዛዊቷ ወይዘሮ በእናቴ አፍ እንደ ጎጃም ሴት ለምና ነበር ሻይ የምታጠጣቸው።

እናቴ ሐጃን እቤታችን ስታነሳቸው «እሳቸው» ትላለች። ፊት ለፊት ሲገናኙ ግን በዐረብኛ ስለሆነ የግድ «አንቺ» ይሆናል። ይህ ነገር ብዙ ዓመት አሳፍሯታል። «እናቴን የምታህል ሴት አንቺ እያልኩ...» ትለኝ ነበር። ሐጃ ግን «ያ ኡኽቲ»፣ እህቴ፣ እያሏት ስላረጁ በመጨረሻ ለመደችው።

ካደግኩና ቢሮ ከገባሁ በኋላ የዚህ ኮሜዲ ወዳጆች ኢንተርኔት ላይ ቡድን እንዳላቸው በአጋጣሚ አገኘሁ። አብዛኞቹ እንግሊዛውያን ሽማግሌዎች ናቸው። የድልድዩን የዛሬ ፎቶ ይለጥፋሉ፤ አዛዡ በየትኛው ክፍል የትኛውን ኮት እንደለበሰ ይከራከራሉ። አንዴ ካርቱም ውስጥ በሦስት ቋንቋ እንደምናየው ብጽፍ የማላውቃቸው ሰዎች ደስታቸውን በስልኬ ላይ አዘነቡት። አንዲት ሴትዮ «ለሁለቱ እመቤቶች ሰላምታ አቅርቢልኝ» ስላለችኝ ሐጃ ነጋ ጠባ «ያቺ ሴትዮ ደህና ናት?» እያሉ ይጠይቁኝ ጀመር።

አንድ ቀን ቡድኑ ተናወጠ። ኮሜዲው ሲቀረጽ የዚያው ከተማ ነዋሪ የሆነ ሰው በራሱ ትንሽ ካሜራ የቀዳው ፊልም ከአንድ ቤት ጣሪያ ሥር ተገኝቷል። ድምፅ የለውም። ጥቂት ደቂቃ ነው። ተዋናዮቹ በሥራ መካከል ሲያርፉ የሚያሳይ እንጂ ከኮሜዲው ጋር የሚሄድ ታሪክ የለበትም። ሆኖም አንዱ አዛውንት «ከሟች አባቴ ጋር የምናየው ይህን ነበር፤ አዲስ ነገር አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም፤ አለቀስኩ» ብሎ ጽፏል። ይህን ለሐጃ ሳነብላቸው፣

«ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ እኛስ መቼ ነው የምናየው?» አሉኝ።

ያ ሰሞን መብራት እንደ እንግዳ ነበር የሚመጣው። ኔትዎርኩም ከመብራቱ አይሻልም። ፊልሙን በስልኬ ለማውረድ ብሞክር አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። በመጨረሻ ጀብራ ሰፈር የምትኖር የሥራ ባልደረባዬ ቤታቸው ሶላር እንዳለው፣ ትልቅ ቴሌቪዥንም እንዳላቸው ነገረችኝና ቢሮ ሆና አወረደችልኝ። ለዓርብ ከሰዓት ተቀጣጠርን።

ሐጃ ለበዓል የሚያወጡትን ቶብ፣ ያን ረጅም መጎናጸፊያ፣ ለብሰው፣ እጃቸውን ሂና ተቀብተው ብቅ አሉ። የሰንደል ሽቶው ከበር ያስታውቃል።

«ሐጃ፣ ፊልም ነው ሰርግ ነው የምንሄደው?» አለች እናቴ።

«እነሱ ስንት ዓመት ሙሉ ለብሰው ሲጠብቁኝ እኔ በቤት ልብሴ ልሂድ? ያላ፣ አምጃዱ ይሄዳል!»

አምጃድ የምንላት ትንሿ ታክሲ እስክትነሳ ሐጃ ለሹፌሩ የት እንደምንሄድ ነግረውት አብቅተዋል። መንገዱን ሙሉ ስለ ድልድዩ፣ ስለ ላሚቱ ሲያወሩለት እሱም በየመሃሉ «ወላሂ?» ይላል። እናቴ በመስኮት እያየች ፈገግ ትላለች። እንደዚያ ደስ ብሏት ያየኋት ቀን ጥቂት ነው።

የባልደረባዬ ቤተሰቦች ሻይና ዘላቢያ አቅርበው ሳሎኑን ለቀቁልን። ፊልሙ ጀመረ።

ቀለሙ ትንሽ ገርጥቷል። ድልድያችን ነው። ግን ከድልድዩ ጀርባ አይተነው የማናውቀው የመኪና ማቆሚያ አለ፤ ገመድ አለ፤ ሰዎች ቆመው ያያሉ። ረጅሙ ሰውዬ መነጽር አድርጎ ጋዜጣ ያነባል። ብስክሌቱን ሌላ ሰው ይዞለታል። ሻይ የምታመጣው ወይዘሮ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወስዷታል፤ የተደገፈችው ያን ዘወትር የምትሰድበውን አዛዥ ነው። ትከሻው እንዳይነቃነቅ ተጠንቅቆ ተቀምጧል። ከዚያ አንድ ሰው መጥቶ በጆሮው የሆነ ነገር ነገረው። አዛዡ ሳቀ። ፈገግታ አልነበረም። አፉን ከፍቶ፣ ዓይኑ ጠፍቶ፣ ሴትዮዋ እስክትነቃ ድረስ ሳቀ። ድምፅ ስለሌለው ሳቁ እኛ ጋ አልደረሰም።

ሐጃ እጃቸውን አጨበጨቡ። «አይተሽዋል? ወላሂ፣ ሲስቅ አይተሽዋል?» እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል። «ድገሚልኝ፣ ያ ቢንቲ።» ደገምኩላቸው። እናቴ ሻይዋን እንደያዘች ነበረች፤ አልጠጣችውም።

ስንመለስ ታክሲው ውስጥ ሐጃ ሲያወሩ እናቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር። ሰፈራችን ስንደርስ፣

«ምነው ያ ኡኽቲ? አላማረሽም?» አሏት።

«ባላየው ይሻለኝ ነበር።»

«ለምን?»

«እኔ የወደድኩት የማይስቀውን ነው። ያ ሁሉ ቁጣው ውሸት ነበር ማለት ነው?»

«ተዋናይ ነዋ! ሥራው ነው። አንቺ ደግሞ ሚስቱ ነሽ እንዴ!» ሐጃ ሳቁ። ብቻቸውን።

እናቴ ፊቷ ተለወጠ። ይህን ያህል ዓመት አብሬያት ስኖር ያልነገረችኝን ነገር የሰማሁት ያኔ፣ በሩ ላይ ቆመን፣ ለሐጃ በዐረብኛ ስትናገር ነው።

«አባቴ እንደዚህ ነበር» አለች። «ኮቱን ቆልፎ፣ አገጩን ቀና አድርጎ። ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ስንወጣ አልተሰናበትኩትም። እዚህ ሆኜ ነው መሞቱን የሰማሁት። አንቺ ቤት መጥቼ ያን ሰውዬ ሳየው... ለሌላው ቀልድ ነው። እኔ አባቴን ነበር የማየው። ዛሬ ግን ሲስቅ ሌላ ሰው ሆነብኝ።»

ሐጃ ቶባቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። ቀስ ብለውም፣

«ምናልባት አባትሽም አንቺ በሌለሽበት ይስቅ ነበር» አሏት።

እናቴ በሩን ከፍታ ገባች።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀናት አልወዳቸውም። እናቴ ስፌት በዝቶብኛል እያለች ወደ ሐጃ በረንዳ መውጣት ተወች። ሐጃም አኩርፈው ይሁን ፈርተው አልጠሯትም። ተከራዮቹ ሰዓቱ ሲደርስ ወጣ ይሉና ሁለቱ አብረው እንዳልተቀመጡ አይተው ይመለሳሉ። እኔ በመካከል ሳህን እያመላለስኩ «ሐጃ ሰላም ብለውሻል»፣ «እናቴ ሰላም ብላዎታለች» እላለሁ። ሁለቱም እንዲያ አላሉም።

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ እናቴ የስፌት መኪናዋን ገፋ አድርጋ «እስቲ ያን ነገር አሳዪኝ» አለችኝ። ስልኬን ሰጠኋት። ሳቁ ጋ ስትደርስ ወደ ፊቷ አስጠጋችው። ከዚያ «ለአክስትሽ ደውዪልኝ» አለች።

አክስቴ ደብረ ማርቆስ ነው የምትኖረው፤ የእናቴ ታላቅ ናት። መስመሩ ሲገባ እናቴ ሰላምታውን እንኳ አላስጨረሰቻትም።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አባባ ይስቅ ነበር?»

«ምን አልሽ?»

«ይስቅ ነበር ወይ? አይተሽው ታውቂያለሽ?»

በስልኩ ውስጥ የአክስቴ ሳቅ ፈነዳ። «ኧረ ምን ነካሽ! አባባ? የገበያ ቀን ከእነዚያ ጓደኞቹ ጋር ጠላ ቤት ሲቀመጥ እንባው እስኪወርድ ነበር የሚስቅ። ቀልድ እሱ ነበር የሚያወጣላቸው። ልጠራው ስላክ በበሩ ሽንቁር አየው ነበር እኮ። እንዳየኝ ፊቱን አጥቁሮ፣ ኮቱን ቆልፎ ይወጣል። ልጆች ሲስቅ ካዩኝ ይንቁኛል፣ በትምህርታቸውም ያላግጣሉ ይል ነበር ለእማማ። አንቺማ ትንሽ ነሽ፤ ገበያ መቼ ተልከሽ!»

እናቴ «እንዲያ ነው?» አለች። «እንዲያ ነው?» አለች ደግማ። አክስቴ ከቀልዶቹ አንዱን ነገረቻት። ስለ አንድ ዳኛና ስለ ጫማው የሚወራ ነበር። እኔ ግማሹ አልገባኝም፤ እናቴ ግን የተሰፋውን ዩኒፎርም አፏ ላይ አድርጋ ስትስቅ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ልቅሶም ነበረበት።

ስልኩን ዘግታ ነጠላዋን ደረበችና በቀጥታ ሐጃ በረንዳ ሄደች። ተከተልኳት። ሐጃ የገመድ አልጋቸው ላይ ጋደም ብለው ነበር።

«ይስቅ ነበር» አለቻቸው ቆማ። «ከኔ ተደብቆ ይስቅ ነበር።»

«አላልኩሽም?» ሐጃ ተነስተው ቦታ ለቀቁላት። «ቁጭ በይ። ቀልዱን ንገሪኝ።»

ያን ቀን ትርጉሙ ከአማርኛ ወደ ዐረብኛ ዞረ። ዳኛውና ጫማው እንዴት ሆነው ሱዳን እንደገቡ አላውቅም፤ ሐጃ ግን ትን እስኪላቸው ሳቁ። ከዚያም ወዲህ ኮሜዲውን ስናይ እናቴ የአዛዡን ቃል መስማት ትታ የአፉን ጥግ ታያለች። «እይዋት፣ እይዋት፣ ሳቁ ሊያመልጠው ነው!» ትላለች። እውነቷን ነው። በደንብ ላየው ሰው ሳቁን ውጦ እንደሚይዘው ያስታውቃል። ዓመታት ሙሉ አላየነውም ነበር።

ይህን በቡድኑ ውስጥ ጻፍኩት። ብዙዎቹ መልሰው እያዩ ያችን የአፍ ጥግ መፈለግ ጀመሩ።

ከዚያ ካርቱም ውስጥ ተኩስ ተከፈተ፤ ጦርነቱ የእኛው ሆነ። የሐጃ ልጅ መጥቶ ወደ ካይሮ ወሰዳቸው። እኛ በገዳሪፍ አድርገን በመተማ ገባን። በር ላይ ሲለያዩ ሁለቱም የቤቱን በር ስለመቆለፍ ብቻ ነበር የሚያወሩት። የካሴቱ ሳጥንም፣ ቴሌቪዥኑም እዚያው ቀረ። ቤቱ ቆሟል የሚል ሰው አለ፤ ጣሪያው የለም የሚልም አለ።

እናቴ አሁን ከአክስቴ ጋር ትኖራለች። ስለ አባታቸው ይጨቃጨቃሉ፤ አንዷ የምታውቀውን ሌላዋ አታውቀውም። ሐጃ በየዓርቡ ይደውላሉ። ጆሯቸው እየደከመ ስለሆነ እናቴ ትጮህላቸዋለች፤ የደብረ ማርቆስ ጎረቤት ሁሉ ዐረብኛ መልመዱ አይቀርም።

እኔ ካርቱምን ሳስብ የሚመጣብኝ ከሰዓት በኋላ ነው። ሙቀቱ በረድ ሲል ሐጃ ውኃ እየረጩ ግቢውን ያረጥባሉ፤ አፈሩ ይሸታል፤ ተከራዮቹ አንድ አንድ እያሉ ወንበር ይዘው ይመጣሉ። መብራት የመጣ እንደሆነ ሰፈሩ በሙሉ፣ ሱዳኑም ሐበሻውም፣ በየግቢው በአንድ ድምፅ እልል ይላል።