የታላቂቱ ማክሰኞ

መነጽር ሠሪዋ ታናሽ እህቷን ትወዳለች፤ ይህን የሚክድ የለም። ግን ሐሙስ ቀትር ላይ ታናሽየዋ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ ሱቁ ስትገባ፣ ገና ምን እንደምትል ሳትሰማ ግንባሯን ቋጠረች።

"እትዬ፣ ባሕሩ ጋ ልንሄድ ነው። መኪናው ላይ አንድ ቦታ አለ፤ ተነሽ እንጂ።"

"መቼ አሰባችሁት?"

"አሁን፣ ቁርስ ላይ።"

አባታቸው ቢራቢሮ እያለ ነበር የሚጠራት፤ ስሙም ሳይለቃት አደገች። እሱ ሲሞት ቢራቢሮ ስምንት፣ ታላቋ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ታላቋ ትምህርቷን ትታ መነጽር ቤት ተቀጠረች። የቤት ኪራዩም፣ የእናታቸው ሕክምናም፣ የቢራቢሮ ደብተርና ጫማም እሷ ጫንቃ ላይ ወደቀ። ይኸው ሌንስ መሞረድ ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመት ሆናት።

"እኔ ብሄድ ይሄን ማን ይሠራዋል? እማዬንስ ማን ያያታል?" አለች። "የልጅነት ነገር መቼ ነው የሚለቅሽ?"

ቢራቢሮ አልተቀየመችም። ጉንጯን ስማት ሄደች። ይሄ ደግሞ የባሰውን አንጀቷን አሳረራት።

ከሰዓት በኋላ የግራውን ሌንስ በቀኙ ልክ ቆረጠችው። ባለሱቁ "ደህና አይደለሽም እንዴ?" ቢላት "ራሴን አሞኝ ነው" ብላ አለፈችው። "ቀንቼ ነው" ተብሎ ለባለሱቅ ይነገራል?

ቤት ስትደርስ እናቷ አልጋው ላይ ተቀምጣ፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ትስቃለች።

"ማዕበሉን እያሰማችኝ ነው፤ ነይ ስሚ።"

"መድኃኒትሽን ዋጥሽ?"

እናትየው ስልኩን ቀስ ብላ ዘጋች። "አንቺ ስትገቢ መድኃኒት፣ ስትወጪ መድኃኒት። እሷ እንኳ ታስቀኛለች።"

የሚገዛውስ ማን ሆነና ልትላት አፏ ላይ ደርሶ መለሰችው። ሳህን ስታጥብ ግን አለቀሰች። ባሕሩ አልነበረም ያስለቀሳት። እሷው ያሳደገቻት ልጅ የእናቷን ሳቅ ያለ ምንም ልፋት መውሰዷ ነው።

ቢራቢሮ እሑድ ዕለት፣ አፍንጫዋ በፀሐይ ተልጦ ተመለሰች። ታላቋ በር ላይ ጠበቀቻት።

"ከእንግዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ እኔ አምሽቼ እስክመጣ ከእማዬ ጋ አንቺ ነሽ። ራቱንም አንቺ ትሠሪያለሽ።"

ለክርክሩ የሃያ ሁለት ዓመት ንግግር አዘጋጅታ ነበር።

"እሺ" አለች ቢራቢሮ። "ምነው እስከ ዛሬ ሳትነግሪኝ?"

ታላቋ ከበሩ ዞር ብላ አሳለፈቻት።

የመጀመሪያው ማክሰኞ ከሥራ ስትወጣ መሄጃው ጠፋት። እግሯ የለመደው ወደ ቤት ብቻ ነው። ፊት ለፊቷ በቆመው አውቶቡስ ላይ ወጣች፤ ወዴት እንደሚሄድም አልጠየቀች። እነዚያ ሁለቱ አሁን ምን እያሉ ይስቁ ይሆን ስትል መንገዱ ሳታየው አለቀ። በሳምንቱም ያንኑ አውቶቡስ ያዘች። መጨረሻው ፌርማታ አጠገብ አንድ ጎማ ጠጋኝ በቆርኪ ዳማ ይጫወታል። ቆማ ስታይ፣ "ትችያለሽ?" አላት። አባቷ አስተምሯት ነበር። ሁለት ጊዜ በላችው።

በአራተኛው ማክሰኞ ዳማው መሃል ላይ ሳለች ቢራቢሮ ደወለች።

"እትዬ፣ ድንገት ጓደኞቼ መጥተውብኝ፣ ዛሬ እማዬ ጋ አንቺ ሂጂልኝ።"

"እኔም አልችልም" አለች። ይህ ቃል ከአፏ ሲወጣ ራሷ ደነገጠች። ቢራቢሮ እያጉረመረመች ወደ እናታቸው ሄደች።

ማምሻውን ስትገባ ኩርፊያው የለም፤ እናትና ልጅ አልጋው ላይ ተጠጋግተው ይስቃሉ። ያው ቅናት እንደ ልማዱ ወጋት። ቢሆንም ጫማዋን አውልቃ መሃላቸው ገባችና ጎማ ጠጋኙን እንዴት እንዳሸነፈችው ትነግራቸው ጀመር። እናቷ ፈገግ አለች። በቢራቢሮ ወሬ እንደምትስቀው ዓይነት አልነበረም፤ እሷም ልዩነቱ አልጠፋትም። ወሬዋን ግን አላቋረጠችም።