ያልነኩት እግር

እኅቴ ከባሕር ዳር ስትደውል እዚህ ጅጅጋ ለጾም ምሳዬ ቀርቤ ነበር። «ያ አለቃሽ የነበረው ሰውዬ ተሸለመ እኮ» አለችኝ።

«በምን?»

«የሕፃናትን ቁርጭምጭሚት በትክክል በመለካት።»

የጠቀለልሁትን ጉርሻ መሶቡ ላይ መለስሁት። ይቅር ይበለኝና በጾም አፌ ልረግመው ምንም አልቀረኝ።

ያኔ ገና ከትምህርት ወጥቼ እዚያው ባሕር ዳር፣ ፔዳ ሰፈር አካባቢ በአንድ የሕፃናት ማገገሚያ እሠራ ነበር። የልጆችን ቁርጭምጭሚት ምን ያህል እንደሚገተር፣ ጡንቻቸውም ምን ያህል ጉልበት እንዳለው እንለካለን። ሲያወሩት ቀላል ነው፤ እግሩን ቀስ አድርጎ ወደ ላይ ማጠፍ፣ ከዚያ ልጁ መለኪያውን በውስጥ እግሩ እንዲገፋ ማድረግ። ግን የልጅ እግር ጣውላ አይደለም። ሲበርደው፣ ሲርበው፣ ሲፈራ ሌላ እግር ይሆናል። ለዚህ ነው አንዱ የለካውን ሌላው ውጤቱን ሳይሰማ ደግሞ የሚለካው። ሁለቱ ሲቀራረቡ ይታመናል።

ጥቅምት ላይ አንድ ማለዳ እትዬ ጥሩወርቅ በእግር ጣቶቿ ጫፍ የምትራመደውን ልጃቸውን ብርቄን አዝለው መጡ። ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ሰባታሚት ነው፤ ያን ቀን ግን ሐይቁ ዳር ጠበል አስጠምቀዋት በቀጥታ መምጣታቸው ነበር። ልጅቱ ነጠላ ውስጥ ትንቀጠቀጣለች። ለጠበሉ ሲባል እህል አልቀመሰችም።

አለቃችን እግሯን መንጭቆ አጠፈው። እግሯ ደንግጦ ተገተረ። «ግፊ» ሲላትም አቃታት። ቁጥሩን ጮክ ብሎ ተናገረና ወደ ሁለቱ ባልደረቦቼ ዞረ። «እናንተስ?»

«ጋሼ ያሉት ነው» አለ አንዱ፣ እጁን ከኪሱ ሳያወጣ። ሌላዋም «እኔም» አለች። ታላቅ የለካውን ደግሞ መለካት እሱን ማሳፈር መሰላቸው።

«በርዷታል፣ አልበላችም። ትሙቅና እንደገና እንለካት» አልሁ።

«አንቺ መነኩሲት፣ ጠበሉን ለቄሱ ተይለት» አለኝ። ሳቁ።

ፀሐይ ላይ አስቀመጥኋት፤ ዳቦ በላች። ከሰዓት በኋላ ስለካት እግሯ ያለ ትግል ወደ ላይ መጣ፤ እጄንም ገፍታ ገፍታ ራሷ ሳቀች። ብነግረው «ሦስት ለአንድ» ብሎኝ አለፈ።

ሐኪሞቹ በሱ ልኬት ተመርተው የተረከዟን ጅማት ቆርጠው አረዘሙት። ጅማቱ ከልክ በላይ ላላ፤ ከዚያ ወዲህ ብርቄ ጉልበቷ እየታጠፈ ቀጥ ብላ መቆም ተሳናት። እናቷ ሊጠይቁት ቢመጡ «እርስዎ ነዎት በብርድ ውሃ ነክረው ያበላሿት» አላቸው። እትዬ ጥሩወርቅ ዛሬም ጠበል ደጅ አይደርሱም፤ «ልጄን በገዛ እጄ» ይላሉ አሉ።

መሳሳት የሰው ነው፤ ማንም ይሳሳታል። የጥፋቱን እድፍ በእናትና በጠበል ላይ መጥረጉ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እኔ ደውዬ ብነግራቸው «ልታጽናኚኝ ነው» ይሉኛል። እናንተ ሁለታችሁ የያኔ ባልደረቦቼ ግን እዚያው ባሕር ዳር ናችሁ። ሽልማቱን አስነጥቁት አልላችሁም። ሰባታሚት ሂዱና «ጠበሉ አይደለም እትዬ፤ እኛ እግሯን አልነካነውም ነበር» በሏቸው።