የካርድ ክፍሉ ሰልፍ

ሰልዋ ዘይኑልአቢዲን ትቀናብኛለች እያልኩ ራሴን ብዙ ጊዜ ሸንግያለሁ። እውነቱን ልናገር፤ የምቀናው እኔ አብይ ነኝ።

በ2003 ዓ.ም. ደሴ፣ ፒያሳ አጠገብ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ ሁለታችንም የኮምፒውተር ባለሙያዎች ነበርን። ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ አትጠገብ አንድ ቀን ጠሩንና፣ «የካርድ ክፍሉን ሰልፍ የሚያሳጥር ፕሮግራም የሠራ፣ ኮምቦልቻ የሚከፈተውን ቅርንጫፍ ኮምፒውተር ክፍል ይመራል» አሉን። ቦታውን ክፉኛ ተመኘሁት።

በሬን ዘግቼ ሦስት ወር ሙሉ ስለ ፍጥነት ብቻ አሰብኩ። መቶ ሺህ የውሸት ስም ፈጥሬ ፕሮግራሜ ውስጥ ሞላሁ፤ የተጠየቀውን ስም ከነካርድ ቁጥሩ ዓይን ሳይርገበገብ ያወጣል። ሰልዋ ግን ሁለት ሳምንት አንዲት መስመር አልጻፈችም። ካርድ አውጪው ጋሽ አግማስ ጎን ተቀምጣ ሰዓቷን እያየች ደብተር ትሞላለች። ሥራ ፈት እያልኩ አማኋት። በኋላ የሠራችውን ስሞክረው አንድ ስም ፈልጎ እስኪያገኝ እስከ አራት ያስቆጥራል። ጮቤ ረገጥኩ።

ሰኞ ገበያ ነው፤ ገጠሬው ገበያውንም ሕክምናውንም አንድ ላይ ነው የሚጨርሰው። በአንዱ ሰኞ የእኔ ተሞከረ። ቁጥሩ ወዲያው ይወጣል፤ ጋሽ አግማስ ግን ጉልበታቸውን እያመማቸው ለእያንዳንዱ ሰው መደርደሪያው ድረስ ሄደው ይመለሳሉ። ሰልፉ ግቢውን ሞላው።

በሚቀጥለው ሰኞ የእሷ ተራ ሆነ። የስድስት ሰው ካርድ ቁጥር በመደርደሪያው ቅደም ተከተል በአንድ ወረቀት አትሞ ይሰጣል፤ ጋሽ አግማስ በአንድ ዙር ስድስቱንም አቅፈው ይመጣሉ። አምስት ሰዓት ላይ ሰልፍ የሚባል አልነበረም።

«ጊዜውን የሚበላው የእሳቸው መመላለስ ነበር» አለች። ኮምቦልቻ የእሷ ሆነ።

እንከን አግኝቼ ላሳጣት ፕሮግራሟን ከፍቼ መስመር በመስመር በረበርኩት። ፍለጋው ጋ ስደርስ ለራሷ የጻፈችው ማስታወሻ ጠበቀኝ፦ «ይህ ቀርፋፋ ነው። ለጊዜው ማንንም አላስጠበቀም። ሰው ሲበዛ የአብይ ይግባበት፤ የእሱ ይበልጣል።»

ዘጋሁትና ለማንም ሳልናገር ቀረሁ።

ከስምንት ወር በኋላ ከኮምቦልቻ ደወለች። «አብይ፣ ወላሂ አሁን ሰው በዛብኝ። ያን ፍለጋህን ትሰጠኛለህ?»

በዚያው ሰዓት ላክሁላት። ከፕሮግራሙ አናት ላይ ስሜን ጽፌበት ነበር፤ ዛሬም ድረስ አላጠፋችውም። ምነው ሰርቃኝ በነበረ! ጠልቻት እገላገል ነበር።