ያልሰማነውን እሺ ስንል

እህቴ አብራሪ ልትሆን ነው ሲባል አዳማ ያለ ዘመድ ሁሉ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነበር፦ «ከፍታ አትፈራም?» አትፈራም። ገና ልጅ ሳለች የአባቴ ሚኒባሶች ጣሪያ ላይ ወጥታ ዕቃ ከሚያስሩት ጋር ትውል ነበር። እሷን የሚያስፈራት ሰው ነው። በተለይ ትልቅ ሰው፣ ወፍራም ድምፅ ያለው፣ ትእዛዝ የሚሰጥ ሰው። ይህን ከቤታችን ሰው በቀር ማንም አያውቅም ነበር፤ የበረራ ትምህርት ቤቱም ሲቀበላት እንዲህ ያለ ነገር አልጠየቃትም።

እኔ ተቃራኒዋ ነኝ። ታላቋ ነኝ፣ መናኸሪያው አካባቢ የመጋረጃና የምንጣፍ ሱቅ አለኝ፣ አፌም አያርፍም። ከእኔ ጋር ዋጋ ተከራክሮ ደስ ብሎት የወጣ ደንበኛ ብዙ አላየሁም። ስለዚህ ሥልጠናው ተጀምሮ «በሬዲዮ ማውራት አቃተኝ» ስትለኝ መጀመሪያ ሳቅሁባት። ሰው አየር ላይ ወጥቶ አውሮፕላን እየነዳ ወሬ እንዴት ያቅተዋል? ቆይቶ ነው ነገሩ ከቤታችን እንደመጣ የገባኝ።

አባቴ ከወሎ መጥተው አዳማ ላይ ኑሮ የመሠረቱ፣ ወደ ባቱና ሻሸመኔ የሚሠሩ ሚኒባሶች ያሏቸው ሰው ናቸው። ክፉ አይደሉም፤ እጃቸውን አንስተውብን አያውቁም። ነገር ግን አንድን ነገር የሚናገሩት አንዴ ብቻ ነው፤ ያውም በጥድፊያ፣ ግማሹን ቃል ጺማቸው ውስጥ አስቀርተው። በእኛ ቤት ትልቅ ሰው ሲናገር ዓይን ወደ መሬት ነው፣ ድምፅ ዝቅ ይላል፣ መልሱ «እሺ» ነው። «ምን አሉኝ?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት ነው። የተናገሩትን መልሶ መድገም ደግሞ የባሰ ነው፤ ማላገጥ ነው የሚመስለው። ስለዚህ ሁላችንም፣ እናቴም ሳትቀር፣ ሰማንም አልሰማንም «እሺ» እንልና ጓዳ ገብተን «ምንድን ነው ያሉት?» እንባባላለን። አብዛኛውን ጊዜ ግምቱን የምሰጠው እኔ ነበርኩ፤ እህቴም የእኔን ግምት ይዛ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች።

ሾፌሮቹም ከእኛ አይሻሉም። አባቴ አማርኛውንና ኦሮምኛውን ቀላቅለው በስልክ ሲያዟቸው «ቶሌ፣ ቶሌ» ብለው ይዘጋሉ፤ እሺ ማለታቸው ነው። አንዴ አርሲ ነገሌ ላይ ሠርገኛ እንዲጭን የታዘዘ ሾፌር «ቶሌ» ብሎ ሻሸመኔ ሄዶ ቆሞ ተገኝቷል። ሙሽራው በባጃጅ ነው የሄደው አሉ።

አውሮፕላን ውስጥ ግን ጓዳ የለም። ከአውሮፕላን ማረፊያው ማማ ሆኖ አውሮፕላኖቹን የሚመራው ተቆጣጣሪ ትእዛዝ ሲሰጥ፣ አብራሪው ያንኑ ትእዛዝ ወዲያው መልሶ መናገር አለበት። ካልሰማም «ይድገሙልኝ» ማለት አለበት። ንግግሩ በእንግሊዝኛ ነው፤ የእህቴ እንግሊዝኛ ደግሞ አያሳማትም። ቃላቱንም በእንቅልፍ ልቧ ታወርዳቸዋለች። ግን ያ ወፍራም ድምፅ በጆሮ ማዳመጫው ሲመጣባት የአባቴ ሳሎን ውስጥ የቆመች ልጅ ትሆናለች። ድምፅዋ ይሰልላል። ተቆጣጣሪው «አይሰማም» ይላታል፣ እሷም ይብስባታል።

አንድ ቀን ለማረፍ እየወረደች ሳለ ተቆጣጣሪው «ካለሽበት ከፍታ እንዳትወርጂ፣ ከበታችሽ ሌላ አውሮፕላን አለ» አላት። እሷ የሰማችው የራሷን መጠሪያ ብቻ ነው። የቀረው ተድበሰበሰባት። «ሮጀር» አለች። ሰምቻለሁ ማለት ነው። ከዚያም መውረዷን ቀጠለች። አጠገቧ የተቀመጠው አሰልጣኝ መሪውን ተቀብሎ ባያቃናው ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ዛሬም ማሰብ አልወድም።

መሬት ሲወርዱ አልጮኸባትም። «አበራረርሽ ላይ የምለው የለኝም» አላት። «ሳትሰማ ሰምቻለሁ የምትል ሰው ግን ብቻዋን አላስነሳም። ማክሰኞ ትፈተኛለሽ። ሬዲዮው ያው ከሆነ እዚህ ላይ እናቆማለን።»

ቅዳሜ አዳማ መጣች። ሱቄ ውስጥ ከተጠቀለሉት ምንጣፎች ኋላ ተቀምጣ ይህን ሁሉ ስትነግረኝ እንባዋ ይወርድ ነበር። እኔም ያን ጊዜ ሳቄን ተውኩ። ከልጅነቷ ጀምሮ ሌላ ነገር ተመኝታ አታውቅም፤ ከቢሾፍቱ በኩል አውሮፕላን በተሰማ ቁጥር ምግቧን ትታ የምትወጣ ልጅ ነበረች። እና ይህ ሁሉ በአንዲት «እሺ» ሊቀር ነው።

ወዲያው እኔ የማማው ተቆጣጣሪ ሆንኩ። እሷን ዕቃ ቤት አስገብቼ እኔ ባጃጆቹ የሚጮሁበት በር ላይ ቆሜ በስልክ አዘዝኳት። ግራ፣ ቀኝ፣ ከፍ በይ፣ ውረጂ። አንዱንም ሳታስቀር መለሰችልኝ፤ ያልሰማችውንም ያለምንም ሐፍረት ጠየቀችኝ። ደስ ብሎኝ «ታዲያ ትችያለሽ እኮ» አልኳት።

«አንቺን ማን ይፈራል?» አለችኝ።

ተናደድኩ፤ እውነቷን ስለሆነ ይበልጥ ተናደድኩ። የምትፈራው ሰው ያስፈልጋት ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ቤታችን ውስጥ አንድ ብቻ ነው።

አባቴ አሱር ሰግደው መኪኖቹ የሚያድሩበት ግቢ ውስጥ፣ ኒም ዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። ሄጄ ነገርኳቸው። የአውሮፕላኑን ነገር ስነግራቸው ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። የቤታችንን ጉድ ግን ደፍሬ አልነገርኳቸውም፤ ትልቅ ሰው ሲያዛት ትደነግጣለች ብቻ አልኩ።

«እኔ እንግሊዝኛ የት አውቄ?» አሉ።

«በአማርኛ ይዘዟት። ልክ ሾፌሮቹን እንደሚያዙት።»

እህቴን አንደኛው ሚኒባስ መሪ ላይ አስቀመጥናት፤ ጫጫታ እንዲኖር ሞተሩን አስነስተን መስኮቱን ዘጋን። አባቴ ከግቢው ማዶ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ቆሙ። እኔ አጠገባቸው ነኝ። ከዚያ በለመዱት መንገድ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ስለ ቆቃ ውሃና ስለ ሞጆ መታጠፊያ የሆነ ነገር አዘዟት። አጠገባቸው ቆሜ እኔም አልያዝኩትም።

«እሺ አባዬ» የሚል ቀጭን ድምፅ ከስልኩ መጣ።

አባቴ ስልኩን ሊዘጉ ሲሉ ልምምድ መሆኑ ትዝ አላቸው። «ምን አልኩሽ?» አሉ።

እህቴ በመስታወቱ ውስጥ ዓይኗን ወደ እኔ ላከች።

«ምን አልኩሽ ልጄ?»

«አልሰማሁም አባዬ።»

«ታዲያ ለምን እሺ አልሽ?»

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ ሰምተሻል?» አሉኝ። ደላላ የማይረታው አፌ ተያዘ። ዓይኔን መሬት ላይ ጥዬ «አልሰማሁም» አልኩ። ትንሽ አሰቡና «እናታችሁም?» አሉ። ራሴን ነቅንቄ አዎ አልኩ። «ሾፌሮቹም እንደዚሁ ናቸው?» አሁንም እንደዚያው አደረግሁ። አርሲ ነገሌና ሠርገኛው ትዝ ሳይሏቸው አልቀረም፤ ግንባራቸውን ሲያሹት አየሁ።

«እንግዲያ እስከዛሬ ከማን ጋር ነበር የማወራው?» አሉ፤ የጠየቁት እኔን አልነበረም።

በቃ ጥለውን ሊገቡ ነው ብዬ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ይገባ ነበር፤ እኔም ብሆን እገባ ነበር። እሳቸው ግን ስልኩን መልሰው ጆሯቸው ላይ አደረጉ። «እንደገና እነግርሻለሁ» አሏት። «ካልሰማሽ ይድገሙልኝ በይኝ። ከሰማሽ ያልኩሽን መልሰሽ ንገሪኝ። እሺ የምትባል ቃል ከአፍሽ እንዳልሰማ።»

ከዚያም ልክ እንደ መጀመሪያው ተጣድፈው አዘዟት። አላስችል ብሎኝ «ቀስ ይበሉላት እንጂ» አልኩ።

«ማክሰኞ ዕለት ቀስ የሚልላት አለ?» አሉኝ።

እህቴ ብዙ ቆየች። በሚኒባሱ መስታወት ውስጥ አያታለሁ፤ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛዋለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። በመጨረሻ «ይድገሙልኝ» አለች። ከሞተሩ ድምፅ ጋር ሆኖ ለመስማት ያስቸግር ነበር። አባቴ ደገሙላት። አሁንም «ይድገሙልኝ» አለች፣ ከፍ አድርጋ። ደገሙላት። ከዚያ ያሏትን ሁሉ፣ ቆቃውንም ሞጆውንም፣ አንድ በአንድ መልሳ ነገረቻቸው።

የገዛ ልጃቸው ቃላቸውን ስትመልስባቸው ቅንድባቸው ተሰበሰበ። እንደ ስድብ የሚቆጥሩት ነገር ነው፤ የኖረ ጠባይ በአንድ ቀን ይቀየራል ብዬ አላስብም። ግን ዋጡት። «ትክክል» አሏትና ሌላ ትእዛዝ ሰጧት። እንዲህ እንዲህ እያሉ መግሪብ ደረሰ፤ በማግስቱም ያው ሆነ። መኪና ያጥብ የነበረው ሾፌር ባልዲውን አስቀምጦ ይመለከታቸው ነበር። ሁለቱንም ያን ጊዜ ያደነቅኳቸውን ያህል አድንቄያቸው አላውቅም። እሷ ከምትፈራው ሰው ፊት አልሸሸችም፤ እሳቸው ደግሞ በዚያ ዕድሜ፣ በሾፌሮቻቸው ፊት፣ ሁለቴ መናገርን ለመዱ። እኔ መናገር እንጂ እንዲህ ያለ ነገር አልችልም።

ማክሰኞ ከሰዓት የአባቴ ስልክ ጠራ። ድምፁን ከፍ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፤ እናቴና እኔ ከበብነው። እህቴ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ነገረችን። ከአሰልጣኙ ጋር ተነስታ አርፋለች፣ ደግማ ተነስታ አርፋለች፣ ሬዲዮውም ደህና ነበር። ከዚያ ሞተሩ እየሠራ አሰልጣኙ በሩን ከፍቶ ወረደ። «በይ ሂጂ» አላት። ብቻዋን ማለት ነው።

ብቻዋን ተነሳች። ዞራ ለማረፍ ስትቃረብ ተቆጣጣሪው ረጅም ትእዛዝ ሰጣት፤ መሃል ላይ ሌላ አብራሪ ገባበትና ቃላቱ ተደባለቁ። የሰማችው የራሷን መጠሪያ ብቻ ነው። የጎን ወንበሩ ባዶ ነው። «እሺ የምትለዋ ቃል ጉሮሮዬ ላይ መጣች» አለችን። «ወደ ውስጥ መለስኳት። የሬዲዮውን ቁልፍ ተጫንኩና ይድገሙልኝ አልኩ። እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም፤ ታች የቆመው አሰልጣኜ ሳይቀር በእጁ በያዘው ሬዲዮ ሰምቶኛል።»

እናቴ አልሐምዱሊላህ አለች። እኔ አለቀስኩ፤ ማልቀስ የማልወድ ሰው ነኝ፣ ግን አለቀስኩ። አባቴ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

«ተቆጡሽ?» አሉ።

«አልተቆጡም አባዬ። ደገሙልኝ። መልሼ ነገርኳቸው፣ ትክክል ነው አሉኝ፣ አረፍኩ።»

አባቴ ጺማቸውን አሹ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ አንዱንም ቃል ሳይውጡ፣ «እኔ ብሆን እቆጣ ነበር» አሏት።

«አውቃለሁ አባዬ» አለች። «እርስዎን ከጠየቅሁ በኋላ እኮ ሌላው ሰው ሁሉ ቀለለኝ።»