እናቴ ማጉረስ ያቆመችበት በጋ

የበረኪና ሽታ ድንገት ባፍንጫዬ ሲያልፍ ኮምቦልቻ ያደግሁበት ቤት ይመጣብኛል። አባቴ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ እናቴ ደግሞ እዚያው ግቢያችን ውስጥ ለሥራ ጓደኞቹ ምሳ እየሠራች ትሸጥ ነበር። ማታ ማታ እኛን ከትሪው ዙሪያ ሰብስባ፣ መጀመሪያ ታናሽ ወንድሜን ሰይድን፣ ቀጥላ እኔን ሳታጎርስ እሷ አትቀምስም ነበር።

አንድ ክረምት ሰይድን ታይፎይድ ያዘው። መድኃኒት ወስዶ ተሻለው፣ መስከረም ሲጠባ ግን እንደገና ተኛ፤ ከምሳ ደንበኞቻችንም ሁለቱ በዚያው በሽታ ከሥራ ቀሩ። እናቴ ውሃ እያፈላች፣ ወለሉን በበረኪና እያጠበች፣ በሰይድ ራስጌ ተቀምጣ ዱዓ ታደርግ ነበር።

ደሴ ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሠራው የአባቴ እህት፣ አክስቴ ሐያት፣ ነገሩን ስትሰማ መጥታ የሁላችንንም ዓይነ ምድር በትንንሽ ዕቃ ይዛ ሄደች። በሳምንቱ ተመልሳ እናቴን ጓዳ አስገብታ፣ እጇን ይዛ ቀስ ብላ ነገረቻት፤ እኔ በሩ ጋ ቆሜ እሰማ ነበር። የታይፎይዱ ባክቴሪያ የተገኘው እናቴ ውስጥ ነበር፤ አንድም ቀን ሳያማት ይዛው ኖራለች።

እናቴ «ልጄን ያሳመምኩት እኔ ነኝ?» አለች።

«አንቺ አይደለሽም፣ እታለም» አለቻት አክስቴ። «ሳትጠሪው ገብቶ ተደበቀብሽ እንጂ። እናስወጣዋለን፣ ኢንሻአላህ።»

በዚያ በጋ እናቴ የምሳ ሥራውን ትታ መድኃኒቷን ስትውጥ፣ አባቴ ከፈረቃው እየተመለሰ፣ አንዳንዴ እያሳረረው፣ ሽሮ ይሠራልን ነበር። እሷ ከትሪው ራቅ ብላ ትቀመጥና፣ ሰይድ አፉን ከፍቶ ሲጠብቃት ፊቷን ታዞር ነበር።

የበልጉ ዝናብ ሲጀምር አክስቴ የመጨረሻውን ውጤት ይዛ መጣች፤ ተደጋግሞ ተመርምሮ ምንም አልተገኘም። እናቴ «አልሐምዱሊላህ» ብላ፣ እጇን ሁለት ጊዜ ታጥባ ሰይድን አጎረሰችው፤ እሱ ሲያኝክ እሷ ታለቅስ ነበር።

ዛሬ እኔ ተመራማሪ ነኝ፤ ያ ባክቴሪያ ሐሞት ከረጢት ውስጥ ተጣብቆ፣ የያዘውን ሰው ሳያሳምም ለዓመታት እንዴት እንደሚቆይ አጠናለሁ። ያኔ ምኑንም ሳላውቅ እጠላው ነበር፤ አሁን ጥላቻው ጠፍቶ ጥያቄው ቀርቷል። ጤነኛ ነኝ ብሎ ለጥናቱ የመጣን ሰው አስቀምጬ ባክቴሪያው እንዳለበት ስነግረው ግን፣ ይህን ያህል ተምሬም ቃል ያጥረኛል፤ አክስቴ በዚያች ጠባብ ጓዳ ውስጥ የቻለችውን እኔ ገና እየለመድኩት ነው።