ወይዘሮ ኦልዊን፣ ልጃቸው ዴንዚልና መንገድ የዘጋው ኤሙ

ወይዘሮ ኦልዊን ሜይ ትሬሎር እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2017፣ ቅዳሜ፣ ልክ ከቀኑ በስድስት ሰዓት፣ በደቡብ አውስትራሊያ ካለችው ከፖርት ሊንከን ተነሥተው በባሕሩ ዳር መንገድ ወደ ሴዱና ጉዞ ጀመሩ። ዕድሜያቸው ሰባ ዘጠኝ ነበር። አጠገባቸው የተቀመጠው ልጃቸው ዴንዚል በወደቡ የእህል ጎተራ የደኅንነት ተቆጣጣሪ ነው፤ ብርቱካናማ የሥራ ሰደርያውን በቅዳሜም አላወለቀም፤ ጉልበቱ ላይም አንድ ወረቀት ዘርግቶ ነበር።

በወረቀቱ ላይ ሦስት ደንቦች ሰፍረዋል። ከእናቱ በቀር ማንም መሪ አይነካም። መኪናዋ አትጫርም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሴዱና መድረስ ግዴታ ነው፤ ድንግዝግዝ ሲል ካንጋሮዎች ወደ አስፋልት ይወጣሉና። ከሦስቱ አንዱ ከተጓደለ ወይዘሮ ኦልዊን የመኪናቸውን ቁልፍ ለልጃቸው ያስረክባሉ። ከዚያ ወዲያ ሴዱና ያለችውን ታላቅ እህታቸውን ግዌንን የሚያዩት እንደ ልማዳቸው በየወሩ ሳይሆን ዴንዚል ሲመቸው ብቻ ይሆናል። ለዴንዚል ደግሞ የሚመች ቀን እምብዛም አልነበረም።

የነገሩ መነሻ የደጃቸው የፖስታ ሣጥን ነው። በጁላይ ወር መኪናቸውን ወደ ኋላ ሲያስኬዱ ገጭተው ጣሉት።

«አላየሁትም አልልም» ብለው ነበር ያን ዕለት። «እኔ አይቼዋለሁ። እሱ ነው ያላየኝ።»

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድተው አንዲት ጥንቸል እንኳ ያልገጩ ሴት በአንድ ሣጥን መዳኘታቸው ቅር ያሰኛል። ይሁን እንጂ ሰውን በመጨረሻው ስሕተቱ መመዘን የልጆች ብቻ ሳይሆን የመሥሪያ ቤቶችም ልማድ ነው።

ወሩ እንቅልፋሙ እንሽላሊት ጥንዱን ፍለጋ መንገድ የሚያቋርጥበት ወር ነበር። ይህ ፍጡር ከስንዝር በላይ የሚረዝም አካል፣ ሰማያዊ ምላስና ቁርጥ ጭንቅላቱን የሚመስል ጅራት አለው፤ ችኮላ የሚባል ነገር ግን አልተሰጠውም። የዚያ አገር ሰው መኪናውን ያቆማል፤ እንሽላሊቱን በሁለት እጁ ያነሣል፤ ጭንቅላቱ ወደሚያመለክትበት ወገንም ያሻግረዋል። ወደ መጣበት የመለሰው ሰው ውለታ የሠራ ይምሰለው እንጂ የምስኪኑን መንገድ አበዛበት።

ኤሊስተን ከተማ ሳይደርሱ ለእንሽላሊት አራት ጊዜ ቆሙ።

«አምስተኛው!» አለ ዴንዚል ሰዓቱን እያየ። «እማዬ፣ በዚህ አያያዝ ሴዱና የምንደርሰው ለገና ነው።»

«ውረድና አሻግረው። ማጉረምረሙን ስትመለስ ትቀጥላለህ።»

ወረደ፤ አሻገረ፤ ተመልሶ ቀበቶውን አሰረ። እንሽላሊቱም ዞር ብሎ ወደ አስፋልቱ መሐል ተመለሰ።

«ዴንዚል፣ ራሱ የቱ ነው?»

«ያ... ወፍራሙ።»

«ሁለቱም ወፍራም ነው! እፍ የሚልብህ በኩል ነው ራሱ። ጅራቱን አምነህ ነው የወሰድከው። ተቆጣጣሪ ተብዬ!»

ዴንዚል ዳግመኛ ወርዶ አሻገረው።

ቬነስ ቤይ ላይ ለምሳ ቆሙ። ወይዘሮ ኦልዊን ሥጋና ድንች የተሞላ ፓስቲያቸውን መኪና ውስጥ ሲበሉ፣ ዴንዚል የራሱን ይዞ ዓሣ አጥማጆች ዓሣ ወደሚያጥቡበት መድረክ ወጣ። እዚያ የቆመ ፔሊካን የሚባል ትልቅ የውሃ ወፍ ለጥቂት ጊዜ በጥሞና ተመለከተው፤ ከዚያም መንቁሩን ከፍቶ ፓስቲውን ከእጁ መነተፈና ዋጠ።

«ምሳዬን በላው እኮ!»

«ደንብ ጻፍበት» አሉ እናቱ ከፔርሙሱ ሻይ እየቀዱ።

ከዚያ በኋላ ስድስት እንሽላሊቶች ተሻገሩ። ስሞኪ ቤይን ሲያልፉ ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ነበር። ዴንዚል እጁን ወደ አድማሱ ዘርግቶ በፀሐይዋና በባሕሩ መካከል ያለውን ርቀት ለካ፤ ሁለት ጣት ቀርቷታል፤ ይህም ግማሽ ሰዓት ማለት ነው። እስከ ሴዱና የቀረው መንገድ ሃያ አምስት ደቂቃ ያስነዳል። ይደርሳሉ፤ ምንም ካላቆማቸው።

በአንድ መታጠፊያ ላይ ኤሙ ቆሞ ነበር። ኤሙ ከሰጎን ጥቂት የሚያንስ ወፍ ነው፤ እናትየው እንቁላሏን ጥላ ስትሄድ ታቅፎ የሚፈለፍለውም የሚያሳድገውም አባትየው ነው፤ በዚህ ረገድ የሚያስንቃቸው ሰዎች አሉ። ከኋላው ዝንጕርጕር የሆኑ ዘጠኝ ጫጩቶች ተሰልፈዋል። በግራም በቀኝም የእርሻ አጥር ነበር። መኪናዋ ስትጠጋ ጫጩቶቹ በአስፋልቱ መሐል ፊት ፊት ሮጡ፤ ስትቆምም ቆሙ።

«ክላክስ አድርጊ!» አለ ዴንዚል።

«ሕፃናት በጩኸት አላባርርም። እስኪወድቁ ነው የሚሮጡት።»

«ታዲያ እዚሁ እንደር?»

«ውረድና ተኛ።»

«ምን?»

«ዳር ላይ፣ በጀርባህ። እግርህን ሽቅብ አንሥተህ ብስክሌት እንደሚነዳ ሰው አንቀሳቅስ። ኤሙ እንዲህ ያለ ነገር ሳያይ አያልፍም። በአውቶቡሱ ጊዜ ስንቴ አይተሃል?»

«እማዬ፣ ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው!»

«እኔ ሰባ ዘጠኝ ነኝ፤ እተኛ ነበር። ግን መሪውን ማን ይይዝልኛል?»

ዴንዚል ወረቀቱን አየ፤ ፀሐይዋን አየ። ዝም ብሎ ቢቀመጥ ቁልፉ የእርሱ ነው፤ የሚወቅሰውም ሰው አይኖርም፤ ጥፋቱ የወፍ ነውና። እናቱ ደግመው አልጠየቁትም። ሁለት እጃቸውን መሪው ላይ አድርገው ወደ ፊት ብቻ ይመለከቱ ነበር። ዴንዚል መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ከተተ፤ ወረደ፤ ከአጥሩ ሥር በጀርባው ተኝቶም እግሩን ወደ ሰማይ ሰቀለ።

አባት ኤሙ አንገቱን አሰገገ። አንድ እርምጃ ቀረበ፤ ሌላም ጨመረ። ጫጩቶቹም ተከተሉት። በዚህ መካከል ከፊት ለፊት የመጣ ፒካፕ ቆመና ሾፌሩ በመስኮቱ ብቅ አለ።

«ወንድሜ፣ ደኅና ነህ?»

«ደኅና ነኝ! እናቴን እያሳለፍኩ ነው!»

«እሺ። ትንሽ ፈጠን አድርገው፤ ቀስ ሲል ይሰለቻቸዋል።»

ዴንዚል ፈጠን አደረገው። አሥሩም ኤሙዎች ከብበውት የሰደርያውን ቁልፎች መልቀም ሲጀምሩ ወይዘሮ ኦልዊን መኪናዋን በባዶው አስፋልት ቀስ ብለው አሳለፉ፤ መቶ እርምጃ ያህል ርቀውም ቆሙ። ዴንዚል ተነሥቶ ሮጠ። አባት ኤሙ ትርኢቱ ያለቀ አልመሰለውምና ጥቂት ተከተለው።

«ግባ፣ ግባ!» አሉ እናቱ ከሣቃቸው ጋር እየታገሉ። «ጓደኛህን ግን ውጭ ተወው።»

ሴዱና ሲገቡ የፀሐይዋ ግማሽ ከባሕሩ በላይ ይታይ ነበር። ወይዘሮ ኦልዊን በግዌን ደጅ ሞተሩን አጠፉና ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«እህስ፣ አለፍኩ ወይስ ወደቅኩ?»

ዴንዚል ከፀጉሩ ሣር እየነቀለ «አልፈሻል» አለ። «ግን ለአክስቴ ለግዌን እንዳትነግሪያት።»

«እንዴ! መጀመሪያ የምነግራት እሱን ነው።»

ወይዘሮ ኦልዊን ሜይ ትሬሎር ከዚያ ቀን በኋላ ስድስት ዓመት በዚያ መንገድ ብቻቸውን እየነዱ እህታቸውን በየወሩ ጠየቁ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ቁልፋቸውን በገዛ ፈቃዳቸው አስቀመጡ፤ በነዱበት ዘመን ሁሉ አንድም እንስሳ አልገጩም።